አስሩ ካልመጡ አይጀመርም

በገርጂና በመገናኛ አካባቢ ስለ ጌም ቤት የሚወራው አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅ አፍ የወጣ ነው፦ ልጄን ከትምህርት አስቀረብኝ፣ የታክሲ ገንዘቡን በላብኝ። ሐሰት አይደለም፤ በልተናል። ገርጂ ውስጥ በአንድ ጌም ቤት ሰዓት ያዥ ሆኜ ከገባሁበት ጊዜ ጀምሮ የራሴን ጌም ቤት እስከዘጋሁበት ድረስ በር ላይ ቆማ ልጇን በስሙ የምትጣራ እናት ያላየሁበት ሳምንት የለም። ዛሬ ሙያው ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ወቀሳው ብቻ ተርፎ ሥራው ሳይጻፍ እንዳይቀር ከውስጥ የማውቀውን ላስቀምጥ፤ ይልቁንም አስር ሰው በአንድ ሰዓት ካልተቀመጠ የማይጀመረውን ጨዋታ፣ መብራት በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እንዴት አድርገን እንዳቆየነው።

ከኮምፒውተር በፊት ጆተኒ ነበር። በቆርቆሮ ጥላ ሥር የቆመ ጠረጴዛ፣ በብረት ዘንግ ላይ የተሰኩ ተጫዋቾች፣ ሲከፈል ግር ብሎ የሚወርድ ኳስ። ከረንቡላና ፑል የትልልቆች ነበሩ፤ ጆተኒ ግን የእኛ ነበር። ሕጉም አጭር ነው፦ የተሸነፈ ይከፍላል፣ የተሸነፈ ይነሳል። ሁለት ለሁለት ሲሆን አንዱ በረኛውንና ተከላካዩን፣ ሌላው አማካዩንና አጥቂውን ይይዛል። በረኛው ካንቀላፋ አጥቂው አብሮ ይከፍላል። ስለዚህ ሰው ጓደኛውን የሚመርጠው በችሎታው ብቻ አልነበረም፤ ሲሸነፍ ኪሱን ዳብሶ የሚጠፋ ልጅ የቱንም ያህል ቢችል ለብቻው ይቀር ነበር። ፕሌይስቴሽን ሲመጣ ጠረጴዛው ሄደ፣ ሕጉ ግን እንዳለ ተሻገረ።

ፕሌይስቴሽኑ የመጣው ደግሞ በቦሌ በኩል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው ከልደታ ነበር፤ ጄት አውሮፕላን ሲመጣ ግን የልደታው ሜዳ አልበቃ ብሎ በ1950ዎቹ ወደ ቦሌ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ በምሥራቁ የከተማው ክፍል ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤት እየቀነሰ ሄደ። ሻንጣ በመጣ ቁጥር ከሽቶውና ከጫማው መሐል አንዳንድ ጊዜ ሴጋ፣ አንዳንድ ጊዜ ኔንቴንዶ ይወጣ ነበር። ፕሌይስቴሽን 2 በ2000 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ቀርቦ በዓለም ላይ ከ150 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ ለእኛ ሰፈር የደረሰው ባብዛኛው በሰው እጅ ነው። ባለቤቱ ልጅ ሁለት ወር ይጫወትበታል፤ ከዚያ ይሰለቸዋል፤ ከዚያ ንግድ ይሆናል። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ፕሌይስቴሽን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ በቃ ጌም ቤት ተከፈተ። ዲስኩ የኮናሚ ዊኒንግ ኢለቨን ነው፤ ሌላ ጨዋታ የሚጠይቅ ሰው እንግዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

ቦታው ከየት ተገኘ? መጀመሪያ ከቪላ ግቢዎች፤ ከጀርባ ያለው ሰርቪስ ቤት በመንገድ በኩል በር ይከፈትለትና ይከራያል። ቀጥሎ ኮንዶሚኒየም መጣ። ከተማው በሙሉ ወደ ጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሲዞር ሙከራው የተደረገው እዚሁ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የቦሌ ገርጂ ሳይት። በየሳይቱ ምድር ላይ ያሉት የንግድ ቤቶች መጀመሪያ ላይ ለሸቀጥ ሱቅ ገበያ አልነበራቸውም፤ ነዋሪው ገና አልሞላም። ልጅ ግን ከወላጁ ቀድሞ ሰፈሩን ይሞላል። እኔ ሰዓት ያዥ ሆኜ የገባሁበት ቤት ከጎኑ ፀጉር ቤት፣ በሌላው ጎኑ ጎሚስታ ነበር፤ ወደዚህ ጎሚስታ በኋላ እመለሳለሁ።

ጌም ቤት በእጅጉ የተለወጠው ኮምፒውተር ሲገባ ነው። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ቢሆንም በእኛ ዘመን አንድ ፎቶ ለማውረድ ሻይ የሚያስጠጣ ነገር ነበር። ስለዚህ እኛ ኔትወርክ ስንል ዓለምን ማለታችን አይደለም፤ ከግድግዳው ሥር በሚስማር የተያዘውን ኬብልና ጥግ ላይ የምታበራውን ስዊች ነው። በዚያ ኬብል ካውንተር ስትራይክ አምስት ለአምስት ይጫወታሉ። አንድ ክፍል ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው፣ የተቃራኒ ቡድን ተጫዋች ሲስቅ እየሰሙ። ልጆቹን ያኔ አንድ ነገር ለየ፦ በዊኒንግ ጎበዝ የነበሩት ሁሉ እዚህ ጎበዝ አልሆኑም። ጓደኛውን ሳይጠብቅ በር ሰብሮ የሚገባው ሁልጊዜ የመጀመሪያው ሟች ነበር።

አስሩን ሰው የሚፈልገው ጨዋታ ከዚያ በኋላ መጣ። ነገሩን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልናገር። በ1999 እ.ኤ.አ. ኤቨርክዌስት የሚባል ጨዋታ ተለቀቀ፤ በ2004 ደግሞ ብሊዛርድ የተባለው ድርጅት ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍትን አወጣ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. 12 ሚሊዮን ከፋይ ደንበኞች ነበሩት። ተጫዋቾቹ ጊልድ የሚባል ማኅበር ይመሠርታሉ። ማኅበሩ በቀጠሮ ተሰብስቦ አንድ ሰው ሊገፋው የማይችለውን ኃያል ጠላት፣ ቦስ የሚባለውን፣ ይገጥማል፤ ይህ ሬይድ ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞልተን ኮር የሚባለው ሬይድ 40 ሰው ይይዝ ነበር። ሥራው የተከፈለ ነው፦ ታንኩ ይመታል፣ ሂለሩ ያክማል፣ የቀሩት ይመታሉ። ታንክ ይመታል ስል ዱላውን ይቀበላል ማለቴ ነው። አንዱ ቦስ እስኪወድቅ ሳምንታት ይፈጃል፤ ሁሉም ሲሞት ዋይፕ ይባላል፤ ተነስቶ እንደገና ነው። የወደቀው ቦስ በሳምንቱ ይመለሳል፤ ቡድኑም ይመለሳል።

ይህን ጨዋታ እዚህ ለመጫወት ሦስት እንቅፋቶች ነበሩ። ክፍያው በወር 15 ዶላር ገደማ ነው፤ የሚከፈለው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ካርድ፣ እሱም በእኛ ኪስ የለም። መስመሩ ቀርፋፋ ነው። ሦስተኛው መብራት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የፈታልን ማንጎስ የሚባል በበጎ ፈቃደኞች የተሠራ ፕሮግራም ነው፤ የጨዋታውን ዓለም ያለ ኢንተርኔት በራስህ ኮምፒውተር ላይ ያስነሳልሃል። የባለቤቱ ፈቃድ የሌለው ነገር ነው፤ ያኔ ግን ጌም ቤት ውስጥ ፈቃድ ያለው ዲስክ ማንም አላየም። አንድ ልጅ ከውጭ በመጣ ሃርድ ዲስክ አመጣው፤ እኛም አንዱን ኮምፒውተር ሰርቨር አድርገን ከስዊቿ ላይ ሰካነው። ከሬይዶቹ ውስጥ ካራዛን የሚባለውን መረጥን፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ልክ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ካራዛን የሚፈልገው አስር ሰው ብቻ ነው፤ በቤቱም የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ከአስር ብዙም አይዘልሉም ነበር።

ሦስተኛውን እንቅፋት ግን ማንም ፕሮግራም አልፈታልንም። በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ነበር። የዚያን ዘመን ሰው ያስታውሳል፤ ዛሬ እኛ ጋ ነገ እናንተ ጋ። በኅዳር 2002 ዓ.ም. የተከዜ ግድብ ሲመረቅ በጌም ቤታችን ውስጥ የተጨበጨበውን ጭብጨባ የቤተ መንግሥት ሰዎች ቢሰሙት ደስ ይላቸው ነበር። በጥር ወር ግልገል ጊቤ 2 ተመርቆ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ዋሻው ሲደረመስ የደነገጥነውም እንደዚያው ከልብ ነው። በግንቦት ጣና በለስ ሲጨመር ነው ነገሩ የረገበው። እስከዚያ ግን የሬይድ ፕሮግራም የምናወጣው በውሃ ልክ ነበር።

መፍትሔው ሰርቨሩን ይዞ መዞር ሆነ። ገርጂ ሲጠፋ መገናኛ ጋ ያለው አንድ ወዳጃችን ቤት ይበራል፤ ሲፒዩውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በሚኒባስ እወስዳለሁ፤ አስሩም በየፊናቸው ይከተላሉ። አንድ ቀን ረዳቱ የሁለት ሰው ክፈል አለኝ።

«ጭኔ ላይ ነው እኮ ያለው» አልኩት።

«ጉልበትህስ ማን ወንበር ላይ ነው ያለው?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከፈልኩ።

እዚህ ላይ ነው ጨዋታው ከጨዋታ ያለፈው። አስር ሰው ከገርጂ፣ ከኢምፔሪያል፣ ከሃያ ሁለት፣ ከሰሚትና ከየካ ተነስቶ፣ መብራት ያለበትን ቤት ጠይቆ፣ በተባለው ሰዓት እንዲቀመጥ የሚያደርገው ምንድን ነው? ፍቅር ብቻ ከሆነ ሁለት ሳምንት ይቆያል። መጀመሪያ አካባቢ እንዲያ ነበር፤ ዘጠኝ ሰው ተቀምጦ አንዱን ሲጠብቅ ያመሻል፣ የሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ያ የጠበቀው በተራው ይቀራል።

ደንብ ያመጣልን የአንዱ ተጫዋች አባት ነው፤ የሰፈራቸው ዕድር ጸሐፊ ነበሩ። ልጃቸው ቤት ውስጥ ሲያማርር ሰምተው «መዝገብ የሌለው ማኅበር ምን ማኅበር ነው» አሉት አሉ። ዕድር እንደ ከተማ ተቋም የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ፣ ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የመጣው ሰው ከዘመዱ ርቆ ቀባሪ ሲያጣ ነው፤ ጅማሬው ብዙ ጊዜ ከጉራጌ ተወላጆች ጋር ይያያዛል፤ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህ ደግሞ በየሰፈሩ በዛ። ድንኳኑን፣ ድስቱንና አግዳሚውን ሁሉም ያየዋል። ዕድርን ዕድር ያደረገው ግን ዕቃው ሳይሆን ደንቡ ነው፦ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል፣ በቂ ምክንያት ያለው ይማራል፣ ሰብሳቢውና ገንዘቡን የሚይዘው አንድ ሰው አይደለም።

እኛም ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ ገዛን። በመጀመሪያው ገጽ የአስሩ ስም፣ በሁለተኛው ደንቡ ተጻፈ። የሬይድ ቀን እሑድ ከምሳ በኋላ ሆነ። ሂለራችን የፋርማሲ ተማሪ ነበረች፤ ማታ ከቤት መውጣት ስለማይፈቀድላት ነው ቀኑ ለሷ ተብሎ የተቀየረው፤ እሷ ከሌለች ሁላችንም እንሞታለን። ያረፈደ ይቀጣል፤ ሳያስታውቅ የቀረ እጥፍ። ሐዘን፣ ሕመምና ፈተና ይቅር ያስብላሉ። ስድብም ቅጣት አለው፤ ይህኛው አንቀጽ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ገንዘብ አስገብቷል። ቅጣቱ የሚገባበት የቡና ቆርቆሮ ነበረን፤ ለጄኔሬተር ቤንዚን ይገዛበታል። ሰብሳቢ እኔ ብሆንም ቆርቆሮው ጸሐፊያችን ጋ ነበር የሚያድረው።

ትልቁ ጠብ የመጣው ግን በንብረት ነው። ቦስ ሲወድቅ አንድ ሁለት ዕቃ ይጥላል፤ የፈላጊው ቁጥር አስር ነው። መጀመሪያ እንደ ዕቁብ በዕጣ አደረግነው። ዕጣ ደግ ነው፤ ግን የአስማተኛ ዘንግ ለጋሻ ጃግሬው ደረሰው፤ እሱም በኩራት ይዞት ዞረ፤ ምንም አይሠራለትም። ከዚያ ሰብሳቢው ይደልድል ተባለ፤ ለሁለት ሳምንት ሁሉም አኮረፈኝ። በመጨረሻ መዝገቡን ተጠቀምንበት። የመጣ ሰው ለመጣበት ነጥብ ይጻፍለታል፤ ዕቃ ሲፈልግ ከነጥቡ ይቀነሳል፤ ብዙ የተጠራቀመለት ይቀድማል። በኋላ ላይ ነው ይህ ነገር በውጭ ስም እንዳለው ያወቅሁት። በ1999 እ.ኤ.አ. ኤቨርክዌስት ውስጥ አፍተርላይፍ የተባለ ጊልድ ሁለት ዘንዶዎችን በየጊዜው እየገደለ ንብረቱን ለማካፈል ሲቸገር የዘንዶ ግድያ ነጥብ የሚባል ሥርዓት አውጥቷል፤ በዓለም ያሉ ጊልዶች የቀዱት ከዚያ ነው። እኛ የቀዳነው ከዕድሩ መዝገብ ነው። ሁለታችንም ዘንድ ነጥብ የሚያስገኘው መግደል ሳይሆን መገኘት መሆኑ ግን የአጋጣሚ አይመስለኝም። የሚገድል ሰው ሞልቷል፤ የሚጠፋው የሚገኝ ሰው ነው።

ካራዛን ውስጥ ይህን በደንብ የሚያሳይ አንድ ቦስ አለ፤ የአራን ጥላ ይባላል። በአንድ ክብ የመጻሕፍት ክፍል ውስጥ ብቻውን የሚጠብቅ አስማተኛ ነው። ውጊያው መሐል ላይ ሦስት ሰው ይመርጥና በእግራቸው ዙሪያ የእሳት ቀለበት ይዘረጋል። ቀለበቱ በራሱ ማንንም አይነካም። ውስጥ ያለው ከወጣ ወይም ውጭ ያለው ከገባ ግን ይፈነዳል፤ ሲፈነዳ የሚጎዳው የረገጠውን ብቻ አይደለም፣ አስሩንም ነው። የሚቆየው ወደ 20 ሰከንድ ነው። ለእነዚያ 20 ሰከንዶች ከእያንዳንዱ የሚጠየቀው አለመንቀሳቀስ ብቻ ነው። በወሬ ሲሰሙት ቀላል ነው። እጁ የማያርፍ ልጅ፣ ውጭ ታክሲው «መገናኛ! መገናኛ!» እያለ፣ ደሙ እየጎደለ ሲያይ ግን ጣቱ ሳያውቀው ይሄዳል።

አንድ አዲስ ልጅ ነበረን፤ ሌላውን ሁሉ ይችላል፣ ይህን አልቻለም። ቀለበቱ ሲመጣ ይረግጣል፤ ዋይፕ። ተነስተን፣ ተዘጋጅተን፣ እንደገና ዋይፕ። መስደብ በቅጣት ነው፤ ስለዚህ ዘጠኝ ሰው ጥርሱን ነክሶ ያየዋል። በመጨረሻ ሂለራችን ዘዴ አመጣች፤ ቀለበቱ ሲወጣ እጅህን ከቁልፉ ላይ አንሳና አናትህ ላይ አድርግ አለችው። እሱ ብቻውን እንዳያፍር አስራችንም እናድርግ ተባለ። አራን ከመምታት ብንቦዝንም ማንም አልረገጠም፤ ውጊያውም ለመጀመሪያ ጊዜ ከግማሽ አለፈ።

ልክ በዚያች ሰዓት አከራያችን ኪራይ ሊጠይቁ በሩን ከፍተው ገቡ። አስር ወጣት፣ ሁሉም ሁለት እጁን አናቱ ላይ አድርጎ፣ ትንፍሽ ሳይል ተቀምጧል። ያን ጊዜ ፖሊስ ጌም ቤቱን ከጫት ቤቱና ከሺሻ ቤቱ ደምሮ የሚፈትሽበት ወቅት ስለነበር በድንጋጤ ወደ ኋላ አሉ።

«ምን አጠፋችሁ ልጆቼ? የታሉ ፖሊሶቹ?»

«ፖሊስ የለም እትዬ፣ ጨዋታ ነው።»

«ይሄ ነው ጨዋታው?» አሉ፤ ኪራዩንም ረስተው ሄዱ። አራን በሚቀጥለው እሑድ ወደቀ።

ከደንቡ ሁሉ በዕድሩ ጸሐፊ ምክር የገባ አንድ አንቀጽ ነበር፤ ስንጽፈው ማናችንም ቁም ነገር አላደረግነውም። ሳያስታውቅ የቀረ ሰው ከመቀጣቱ በፊት ሁለት አባላት ቤቱ ሄደው ይጠይቁ ይላል። ታንካችን ያ ጎሚስታ ነበር። በአካሉ ግዙፍ፣ በወሬው ቁጥብ፣ ለሬይድ አንድ ቀን አርፍዶ የማያውቅ። አንድ እሑድ ቀረ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ቅጣቱ እጥፍ ተብሎ ሊጻፍ ሲል ጸሐፊያችን አንቀጹን አነበበና ሁለት ልጆች ተላኩ። ጎማ ሲፈታ ቸርኬው ፈንጥሮ እጁን መትቶት ኖሯል፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ያልደወለው ማውዝ የማይዝ ታንክ ለምን ይፈልጉኛል ብሎ ነው። ከቆርቆሮው ተወስዶ ለሕክምናው ተሰጠው። በሚቀጥለው ሳምንት ከኋላችን ወንበር አስቀምጠን የውጊያውን ትእዛዝ እሱ እንዲሰጥ አደረግን፤ ታንክነቱን እኔ ያዝኩ። የሁሉንም ስክሪን በአንድ ጊዜ የሚያይ ሰው ያኔ ነው ያገኘነው፤ እጁ ከዳነ በኋላም ከዚያ ወንበር አላስነሳነውም።

ጌም ቤቱ የተዳከመው በአንድ ምክንያት አይደለም። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ 4ጂ ገባላት። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋ በ43 በመቶ፣ የመደበኛ ብሮድባንድ ደግሞ በ54 በመቶ ሲቀንስ ልጁ ጨዋታውን በኪሱ፣ አንዳንዱም በየቤቱ ያዘ። በዚያው ዓመት የወጣው የፐብጂ ሞባይል ጨዋታ ወንበርም ኬብልም አይፈልግም። ኮሮና በ2012 ዓ.ም. የተረፉትን አዘጋ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የመገናኛን አካባቢ ስለቀየረው በዚያ መንገድ ዳር የነበሩት ጠባብ ሱቆች የቆሙበትን ቦታ እንኳ ለመለየት ያስቸግራል። እኔም ዘግቼ ወደ ሌላ ሥራ ገባሁ፤ ከአስሩ ብዙዎቹ አገር ለቀዋል።

ሬይዱን ግን አልተውኩም ነበር። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ብሊዛርድ የድሮውን ጨዋታ እንደነበረ መልሶ ሲከፍት ውጭ ያለ ወንድሜ ከፈለልኝ፤ አውሮፓ ካለ አንድ ጊልድ ገባሁ። 40 ሰው፣ ከአስር አገር በላይ። የእነሱ ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል በክረምታቸው የእኛ ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ሲያልቅ ሰባት ሰዓት ይሆናል፣ ጠዋት ሥራ አለ። ደንባቸው የሚያስቀና ነው፤ ነጥቡ በኮምፒውተር ይቆጠራል፣ የሥራ ድርሻው በሰንጠረዥ ተከፍሏል፣ ማርፈድ የለም። እዚያ ያየሁትን ሥርዓት በብዙ መሥሪያ ቤት አላየሁም።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ተቋረጠ። ከሦስት ሳምንት በላይ ቆየ። መስመር ሲመለስ እኔም ተመለስኩ፤ ስሜ ከዝርዝሩ ወጥቷል። ሳያስታውቅ ሦስት ሳምንት የቀረ ይሰረዛል ይላል ደንቡ፤ በትሕትና የተጻፈ መልእክትም ትተውልኛል። በሐምሌ መጨረሻ ሁሉም ሲጠብቀው የነበረው የአህን ኪራጅ ሬይድ ሲከፈት በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ገባ።

ደንቡን አልነቅፍም፤ 39 ሰው ለአንድ ሰው ሊቆም አይችልም። የኢትዮጵያን ዜና ግን ያን ሰሞን ዓለም ሁሉ ሰምቶት ነበር፤ ከ39ኙ አንዱ እንኳ ያ የአዲስ አበባው ልጅ ምን ሆኖ ይሆን ብሎ አላገናኘውም። ክፉ ሆነው አይደለም። ደንባቸው የመጣውን ሰው በጥንቃቄ ይቆጥራል፤ የቀረውን ሰው የሚፈልግበት አንቀጽ የለውም። በጌም ቤቱ ዘመን የነበረው ታማኝነት ከእኛ ጉብዝና የመጣ አድርጌ አልናገርም፤ ኮምፒውተሩም፣ መስመሩም፣ መብራቱም አንድ በመሆናቸው የግድ ነበር፤ የሁላችንም ቤት ደግሞ ቢርቅ በአንድ ታክሲ ይደረሳል። ሁሉም የራሱን ስልክ ሲይዝ ያ ግዴታ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ቡድን የሚቆመው ሰው አስቦበት በሚያስገባው ደንብ ብቻ ነው፤ ሰው አስቦበት ከሚያስገባቸው ደንቦች ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚታወሰው የጠፋውን መፈለግ ነው።

አሁን ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ የእህቴ ልጅና ጓደኞቹ በስልካቸው አራት አራት እየሆኑ ይጫወታሉ፤ ክላን አላቸው፣ የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው፣ ያረፈደ ሰው ቅጣቱን በቴሌብር ይልካል። ዕድር ውስጥ አንዳቸውም የሉም፤ ቅጣቱን ግን ማንም ሳይነግራቸው አግኝተውታል። የድሮውን መዝገብ ሳሳያቸው ሁሉንም ወደዱት፣ የመጨረሻውን አንቀጽ ግን ተከራከሩበት።

«ደውለን ካላነሳስ ጋሼ?»

«ሁለት ሰው ይሂድና በሩን ያንኳኳ።»

«ሦስተኛ ፎቅ እኮ ነው፤ ሊፍት የለም።»

በስንት ክርክር አስገቡት፤ ግን ማሻሻያ አድርገውበታል። ኔትወርክ ጠፍቶበት የቀረ ሰው ራሱ ወደ ሌሎቹ ብሎክ ወርዶ ማስታወቅ አለበት፤ ካልወረደ ይቀጣል፤ ሳይወርድ እነሱ ወጥተው ካገኙት ደግሞ ለደረጃው ተጨማሪ ይከፍላል። ተጨማሪው ስንት ይሁን በሚለው ላይ እስካሁን አልተስማሙም፤ ባለፈው ሳምንት ጨዋታው ዘግይቶ የተጀመረውም በዚሁ ስብሰባ ምክንያት ነው።